የቸርኬ ቀለም በጠባብ በጀት፦ ከተክለሃይማኖት ግቢ

ቸርኬ በዱቄት ቀለም (ደረቁን ተረጭቶ ኦቨን ውስጥ በሚበስለው) ልትቀቡ ካሰባችሁ መጀመሪያ የምነግራችሁ ስለ ሙቀት ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ መርጫው ነው፤ “ከየት ገዛኸው? ስንት አወጣህበት?” ይለኛል። መርጫው ግን የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው። ዱቄት ቸርኬ ላይ እንዲያርፍ ማድረግ ማንም ይችላል። ከባዱ ነገር ብረቱን ከሥሩ ማጽዳትና ዱቄቱን በትክክለኛው ሙቀት ማብሰል ነው። ገንዘብ ካላችሁ ለእነዚህ ለሁለቱ አውሉት። ከመርጫው ቆጥቡ።

የምኖረው አዲስ አበባ፣ ተክለሃይማኖት አካባቢ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። የብረት በርና መስኮት በያጅ ነኝ። ስለዚህ ላሜራና ቱቦላሬ ከእጄ አይጠፋም። ይህ ረድቶኛል፤ የብየዳ ማሽን የሌለው ሰው ግን ሠፈሩ ካለ በያጅ ጋር ተነጋግሮ ማሠራት ይችላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ለቪትዝ፣ ለኮሮላና ለመሳሰሉት ትንንሽ መኪኖች ነው። ከ16 ኢንች በላይ ለሆነ ቸርኬ የቤት ሥራ አይመከርም። ኦቨኑም፣ ኤሌክትሪኩም፣ ቦታውም ይከብዳል።

በቅድሚያ አንድ ሐቅ። አራት ቸርኬ ብቻ ቀብታችሁ ልትተዉት ከሆነ ኦቨን መሥራት አያዋጣም። ለአሉሚኒየም መስኮትና ለብረት ዕቃ ፓውደር ኮት፣ ማለትም ይህንኑ የዱቄት ቀለም፣ የሚሠሩ ቤቶች አሉ። ቸርኬውን ራሳችሁ አጽድታችሁ ብትወስዱላቸው የምትከፍሉት ለመርጨቱና ለመጋገሩ ብቻ ነው። ብዙውን ድካም እናንተ ስለወጣችሁት ዋጋው ላይ መደራደር ትችላላችሁ። ኦቨን መሥራት የሚያዋጣው ለአምስት ለስድስት ጓደኛ በጋራ ሲሆን ነው። ዕቁብ የምትጠጡ ከሆነ አንዱን ዕጣ ለዚህ አድርጉት። የብር ቁጥር አልጽፍላችሁም። ዛሬ የጻፍኩት ወር ሳይሞላው ይቀየራል።

መቀባት የሌለበት ቸርኬ

የተሰነጠቀ ቸርኬ አይቀባም። ተበይዶ የተጠገነም አይቀባም። ቀለሙ ስንጥቁን ይሸፍነዋል፤ ሸፍኖት ግን አያጠነክረውም። የእኛ ሠፈር ኮብልስቶን፣ የጎርፍ መውረጃው ጉድጓድ፣ የአዲሱ መንገድ የጠርዝ ድንጋይ ሁሉ ቸርኬ ይመታል። ስለዚህ ይህን ምርመራ አትዝለሉት።

ርካሹ መመርመሪያ ነጭ ጋዝና ጠመኔ ነው። ጎማው ከወለቀ በኋላ ቸርኬውን እጠቡት፤ አድርቁት። ጎማው ከሚቀመጥበት ከውስጠኛው በኩል ነጭ ጋዝ ቀቡት። ከጀርባው በኩል ደግሞ የጠመኔ ዱቄት በውሃ አቅልላችሁ ቀቡና እንዲደርቅ ተዉት። ለተወሰነ ሰዓት አስቀምጡት። ነጭ ጋዝ በቀጭን ስንጥቅ ሾልኮ ጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ያወጣል። መስመር ካያችሁ ያ ቸርኬ አበቃለት። ከመኪና ዕቃ ገበያው ከሱማሌ ተራ ሌላ ያገለገለ ፈልጉ፤ ስትገዙም ወለል ላይ አሽከርክራችሁ ጠርዙን በዓይን ተከተሉት። የተጣመመ ቸርኬ ሲሽከረከር ይወዛወዛል።

ይህ ዘዴ የሚይዘው ከአንዱ ፊት እስከ ሌላው ፊት የዘለቀ ስንጥቅን ነው። በብሎን ቀዳዳዎቹና መሃሉን ከጠርዙ በሚያገናኙት ክንፎች ሥር ያለውን ግን ቀለሙ ከተነሳ በኋላ በጥሩ ብርሃን በዓይናችሁ ፈልጉ።

ለጀማሪ የብረት ቸርኬ ይሻላል። ብረት ሙቀት አይጎዳውም፤ በውስጡም ጋዝ አይዝም። የአሉሚኒየም ቸርኬ ሌላ ነገር ነው። አብዛኛው የሚፈሰው ሲሊኮንና ማግኒዚየም ካለበት አሉሚኒየም ነው። ፋብሪካው ጥንካሬውን የሚሰጠው በሙቀት አክሞ ነው። መጨረሻ ላይ የሚያጠነክረው ወደ 155 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት በማቆየት ነው። እኛ ከዚያ በላይ ስንሄድ ያንን ጥንካሬ መንካት እንጀምራለን። ለአጭር ጊዜ 180 ዲግሪ ይታገሳል። ከ200 በላይ ግን ለአንድ ደቂቃም ቢሆን አትውሰዱት። አንድን የአሉሚኒየም ቸርኬ በየዓመቱ ቀለም እየቀየሩ መጋገርም ልክ አይደለም።

ማጽዳት

ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ ጎማውን አስወልቁ። አየር የሚሞላበት ቫልቮላውም ይውጣ፤ ጎማ ስለሆነ ኦቨን ውስጥ ይቃጠላል። የባላንስ እርሳሶቹም ይነሱ። እርሳስ ስትነኩ ቆይታችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ።

አሮጌውን ቀለም ለማንሳት ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው በአሸዋ ማስመታት ነው። ቸርኬውን ለሚሠሩት ሰዎች ወስዳችሁ ብታስመቱት ገንዘቡ የሚገባው ነው። ለአሉሚኒየም ደቃቅ አሸዋና አነስ ያለ ግፊት ይጠቀሙ ዘንድ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ሁለተኛው ቀለም ማንሻ ኬሚካል ነው። ይሠራል፤ ሽታው ግን አደገኛ ነው። ሜዳ ላይ፣ በወፍራም ጓንትና በመነጽር ብቻ ይሁን። ሦስተኛው በእጅና በድሪል ብሩሽ መፋቅ ነው። ርካሽ ነው፤ ጊዜ ይበላል፤ ክንድ ያዝላል።

አንድ ነገር ግን በአጽንኦት ልናገር። ኮስቲክ ሶዳ የአሉሚኒየም ቸርኬ ላይ አታድርጉ። የሳሙና መሥሪያው ኮስቲክ ርካሽ ስለሆነ “ቀለም ያነሳል” የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ያነሳል። አሉሚኒየሙንም አብሮ ይበላል። ሲበላ ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል፤ ይህ ጋዝ ተቀጣጣይ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ የማየት ነገር ያከትማል። ሕፃናት በሚሯሯጡበት ግቢ ውስጥ የኮስቲክ በርሜል ማስቀመጥ አይታሰብም።

ቀለሙ ከተነሳ በኋላ በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምራችሁ በ180 ጨርሱ። ከዚያ በላይ አታለስልሱት፤ ዱቄቱ ሲቀልጥ የሚይዘው ትንሽ ሻካራነት ይፈልጋል። የጠርዝ ጭረቱን በሞረድ አስተካክሉ። በስቱኮ ግን አትሙሉ። የተለመደው የመኪና ስቱኮ ይህን ሙቀት አይችልም፤ ያብጣል፣ ይፈነዳል።

ከዚያ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠቡት። በብዙ ውሃ አለቅልቁት። ሲደርቅ በአሴቶን የራሰ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይዛችሁ ጥረጉት። ጨርቁ ጥቁር እስካወጣ ድረስ እየቀየራችሁ ቀጥሉ። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ለዚህ አትጠቀሙ። አንዳንዱ ክሎሪን ያለበት ነው፤ ቅሪቱ ሲጋል መርዛማ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ መንካት የለም። የጣት ቅባት ቀለሙ ሥር ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል።

ኦቨኑ

የኩሽና ኦቨን ምግብ እየተሠራበት ለዚህ አይውልም። አንዴ ዱቄት ቀለም የጋገረ ኦቨን ዳቦ አይጋግርም። ይህን ለእናቶቻችን ብለን ሳይሆን ለጤናችን ብለን እንወስን።

ርካሹ መነሻ ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ምናለሽ ተራ የሚገኝ አሮጌ የኤሌክትሪክ ኦቨን ነው። ቆርቆሮውና ማሞቂያው ደህና ይሁን እንጂ ሌላው ቢበላሽ ግድ የለም። ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። የቸርኬ ኢንች የሚለካው ጎማው ከሚቀመጥበት ነው እንጂ ከጠርዝ ጠርዝ አይደለም። ባለ 13 ኢንቹ በጠርዙ ሲለካ ወደ 37 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ባለ 15 ኢንቹ ወደ 42፣ ባለ 16ቱ ወደ 44 ሴንቲ ሜትር ነው። ብዙ የቤት ኦቨን ከ13 እና ከ14 በላይ አያስገባም።

እኔ የምመክረው ኦቨኑን ራሳችሁ ሠርታችሁ ውስጣዊ ስፋቱን 60 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ማድረግ ነው። አጽሙ ቱቦላሬ ይሁን። ውስጡ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ውጩ ስስ ላሜራ። በመሃል ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከተቻለ 10 ሴንቲ ሜትር የድንጋይ ሱፍ ይሞላ። ከቆሻሻ ክምር የተገኘ አሮጌ መከላከያ አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል አትንኩት። ውስጡንና ውጩን ላሜራ በብዙ ብሎን አታገናኙ፤ እያንዳንዱ ብሎን ሙቀት ያሾልካል። ለበሩ ዳር የፋይበርግላስ ገመድ አድርጉ። ፎም፣ ጎማና ተራ ሲሊኮን ሁሉ ይቃጠላሉ። ከላይ በኩል የአውራ ጣት ስፋት ያላት የጭስ ቀዳዳ ትቀመጥ።

የድንጋይ ሱፉ ላይ ለምን አትሰስቱ እንደምል በቁጥር ላሳያችሁ። 8 ኪሎ የአሉሚኒየም ቸርኬን ከ20 ወደ 180 ዲግሪ ለማድረስ የሚያስፈልገው ሙቀት አንድ ሦስተኛ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የቀረው ኤሌክትሪክ ሁሉ የሚሄደው ኦቨኑን ራሱን ለማሞቅና በግድግዳው ለሚያመልጠው ነው። ጥሩ ሱፍ ያለው ኦቨን በትንሽ ማሞቂያ ይሠራል። ሱፍ የሌለው ኦቨን ግን ቆጣሪውን ብቻ ያሽከረክራል።

ማሞቂያው የተሸፈነው የኦቨን ዓይነት፣ ዘንግ የመሰለው ይሁን። የምጣድ ሪዚስታንስ ሽቦ ርካሽ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ራቁቱን የቀላ ሽቦ ላይ ዱቄት ቢወድቅ ይቀጣጠላል። ደግሞም ኤሌክትሪክ ያለበት እርቃን ሽቦ ነው፤ የቸርኬ መስቀያው ቢነካው ሞት ነው። 1.5 ኪሎ ዋት የሆኑ ሁለት ዘንጎች ይበቃሉ። ከታች አስቀምጧቸውና ከላያቸው ላሜራ ጋርዱባቸው። ካልጋረዳችሁ ወደ ማሞቂያው የዞረው የቸርኬ ጎን ቶሎ ይጠበሳል፤ ሌላው ጎን ጥሬ ይቀራል።

ሁለቱ ዘንጎች በ220 ቮልት 14 አምፔር ያህል ይስባሉ። ይህ ከአንድ የእንጀራ ምጣድ ጋር የሚቀራረብ ነው። ስለዚህ የራሱ መስመር፣ የራሱ ባለ 20 አምፔር ብሬከርና 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ይኑረው። የኦቨኑ አካል በመሬት ሽቦ በደንብ ይታሰር። ይህን ክፍል ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሺያን ስጡት። እዚህ ላይ መቆጠብ የለም።

እኛ ግቢ ቆጣሪው የጋራ ነው። ጠዋት ሁሉም እንጀራ ይጋግራል፤ ቮልቴጁም ይወርዳል። ቮልቴጅ ሲወርድ የማሞቂያው ጉልበት ከዚያም በላይ ይወርዳል። ቮልቴጁ በአሥር በመቶ ቢቀንስ ኃይሉ ወደ ሃያ በመቶ ይቀንሳል። ጎረቤትን ማሳዘንም አለ። ስለዚህ የምሠራው ከሰዓት ነው፤ ያውም ጎረቤቶቼን ቀድሜ ጠይቄ። እንዲህ ሲሆን ክርክርም የለም፣ ብሬከርም አይወድቅም። የፍጆታውን ሂሳብ ለብቻ ለማወቅ ትንሽ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ጥሩ ነው።

ለሙቀት መቆጣጠሪያ ዲጂታል ሰሌዳ፣ ኬ ዓይነት ቴርሞኮፕል (ሙቀት የሚለካ ሽቦ) እና ሶሊድ ስቴት ሪሌይ (ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋ ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ) ያስፈልጋል። ሪሌይው ባለ 40 አምፔር ይሁንና የማቀዝቀዣ ብረት ይታሰርበት። አንድ ባሕርይ አለው። ሲበላሽ ብዙ ጊዜ እንደበራ ይቀራል። ኦቨኑ ያለ ገደብ መጋሉን ይቀጥላል ማለት ነው። ስለዚህ በ210 ዲግሪ ሁሉን የሚቆርጥ ሌላ ራሱን የቻለ ቴርሞስታት ጨምሩ። ይህ ቴርሞስታት ከሁሉ ዕቃ ርካሹ ነው፤ ቤት የሚያድነውም እሱ ነው። ኦቨኑ በርቶ ከግቢ መውጣት አይቻልም።

ከሰል ወይም ጋዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ዱቄቱ በክፍት እሳት ይቀጣጠላል፤ ጥላሸቱ ቀለሙን ያበላሻል፤ የከሰል ጭስም ሰው ይገድላል።

ዱቄቱን ከየት

ለቸርኬ የሚሆነው ፖሊስተር ዱቄት ነው። ኢፖክሲ ዱቄት ብረት ላይ ጥሩ ይይዛል፤ ፀሐይ ላይ ግን ደብዝዞ እንደ ጠመኔ ይላቀቃል። የሁለቱ ቅልቅልም ለቤት ውስጥ ዕቃ ነው። ለወንበር፣ ለመደርደሪያ፣ ለፋይል ካቢኔ ይሆናል። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ከተማ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም።

ዱቄት ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በ20 ወይም በ25 ኪሎ ካርቶን ነው። ለአራት ቸርኬ የሚያስፈልገው ግን ትንሽ ነው። ባለ 70 ማይክሮን ውፍረት ሽፋን ለአንድ ካሬ ሜትር ወደ 100 ግራም ይፈልጋል። የትንሽ ቸርኬ ፊትና ጀርባ ከግማሽ ካሬ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የሚባክነውን ጨምራችሁ ለአራቱም ግማሽ ኪሎ ያዙ። እንዳያልቅባችሁ ካሰባችሁ አንድ ኪሎ።

መላው ይኸውና። የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚቀቡት ቤቶች የሚጠቀሙት ለውጭ የሚሆን ፖሊስተር ነው። ከትልቅ ሥራ የተረፈ የካርቶን ትርፍ አላቸው። ያንን በኪሎ ጠይቋቸው። ቀለሙን በራል (RAL) ቁጥር፣ ማለትም በቀለም መለያ ቁጥሩ፣ ተናገሩ። 9005 ጥቁር ነው፤ 7016 ጠቆር ያለ ግራጫ፤ 9006 ብርማ። እኔ ለቪትዝ 7016ን እወዳለሁ። የፍሬን አቧራ ሲይዘው አያሳጣም፤ ነጭ መኪናም ሰማያዊም ላይ ያምራል። ብርማው ለጀማሪ አይመችም። ብልጭታው በአንድ በኩል ይሰበሰባል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የመጋገሪያ ሙቀትና ደቂቃ ሳታነቡ አትውሰዱ። በ180 ዲግሪ የሚበስል ፈልጉ። በ200 ብቻ የሚበስለውን ለብረት ቸርኬ ተዉት። ዱቄቱ እርጥበት አይወድም። በክረምት በደንብ በታሰረ ላስቲክ፣ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ከተቋጠረ በደቃቅ ወንፊት ንፉት፤ ወንፊቱ ከዚያ በኋላ ወደ ኩሽና አይመለስም። ዓመት ያለፈውን ዱቄት በላሜራ ቁራጭ ሞክራችሁ ካልሆነ በቸርኬ ላይ አታውጡት።

መርጨት

መርጫው ዱቄቱን በኤሌክትሪክ ይሞላዋል፤ ቸርኬው ከመሬት ሽቦ ጋር ይታሰራል፤ ዱቄቱም ወደ ብረቱ ይሳባል። ርካሹ የእጅ መርጫ ለትንሽ ሥራ ይበቃል። የሚፈልገው የአየር ግፊት ከ0.5 እስከ 1 ባር ብቻ ነው። ትንሽ ኮምፕረሰር ያገለግላል። በአዲስ አበባ አየር ስስ ስለሆነ ኮምፕረሰሩ ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ያነሰ አየር ነው የሚሰጠው፤ በዚህ ግፊት ግን አይጎድልባችሁም። የውሃ ማጣሪያ ከመሃል ይግባ። ማታ ማታ ታንከሩን አፍስሱት፤ በክረምት የሚወጣው ውሃ ይገርማችኋል።

ቸርኬው ከመረጨቱ በፊት ባዶውን ይጋገር። ይህን የሚዘሉ ብዙ ናቸው። የተፈሰሰ አሉሚኒየም ደቃቅ ቀዳዳዎች አሉት፤ ውስጣቸው ዘይትና አየር ይደበቃል። ቀለሙ ሲቀልጥ ያ ሁሉ አረፋ ሆኖ ይወጣና የመርፌ ቀዳዳ ያስቀራል። ስለዚህ ከማብሰያው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ በ190 ዲግሪ፣ ጭሱ እስኪያቆም አቆዩት። ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ሽታው ስለሚረብሽ ለጎረቤት ንገሩ፤ የተሰጣ ልብስ ይነሳ። ሲቀዘቅዝ ላብ ያወጣበትን ቦታ በአሴቶን ጥረጉት።

አሁን ቀለም የማይነካቸውን ቦታዎች ሸፍኑ። የብሎኖቹ መቀመጫ፣ ከመኪናው ጋር የሚገጥመው ጠፍጣፋ ጀርባና መሃል ቀዳዳው ራቁታቸውን ይቅሩ። እዚያ ላይ ቀለም ከገባ ብሎን ስታጠብቁ ቀለሙ ይጨፈለቃል። ቆይቶ ብሎኑ ይላላል፤ ጎማ እየሄደ ይወልቃል። ሙቀት የሚችለውን የፖሊስተር ቴፕና የሲሊኮን ውታፍ ተጠቀሙ። ወረቀቱ ማስኪንግ ቴፕ ይቃጠላል፤ ሙጫውም ይቀራል። ጎማው የሚቀመጥበት የውስጥ ክብም ወፍራም ቀለም አይፈልግም።

መርጫ ቦታው ነፋስ የማይነካው ይሁን። ትልቅ ካርቶን አንድ ጎኑን ቆርጣችሁ ጓዳ ሥሩለት። ወለሉን ውሃ እርጩበት፤ አቧራ አይነሳም። በአየር ላይ የተበተነ ዱቄት በእሳት ይፈነዳል። አካባቢው ሲጋራ፣ ከሰል፣ ሻማ አይኑር። ቡና እየተፈላ ከሆነ ስኒው ታጥቦ ምድጃው እስኪጠፋ ጠብቁ። አፍንጫችሁ ላይ ቢያንስ ኤን95 ማስክ አድርጉ። ተራ የጨርቅ ማስክ አይበቃም። አንዳንዱ ፖሊስተር ዱቄት ቲጂአይሲ የሚባል ማጠንከሪያ አለው፤ ሲተነፍሱት መርዛማ ነው። ነፍሰ ጡርና ሕፃን እዚያ አይቁሙ።

ቸርኬውን በቫልቮላው ቀዳዳ በኩል በወፍራም ሽቦ መንጠቆ ስቀሉት። የመሬት ሽቦው መቆንጠጫ እርቃን ብረት መንከሱን አረጋግጡ። መንጠቆውን በየጊዜው እስከ ብረቱ ፋቁት። ዱቄት አልያዝ ሲል በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ከ15 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ራቁ። የክንፎቹን ጎድጓዳና ጥግ ቀድሙ። ኤሌክትሪኩ ወደ ወጣ ወጣው ጠርዝ ስለሚስበው ዱቄቱ ጥግ መግባት አይፈልግም። ጥጉ ላይ አየሩን ቀንሱ፤ መርጫው የሚፈቅድ ከሆነ ቮልቴጁንም ዝቅ አድርጉ። ሰፊውን ፊት ለመጨረሻ አቆዩት። ብረቱ በየትም በኩል ካልታየ አቁሙ። ሲበዛ ዱቄቱ ራሱን መግፋት ይጀምርና ገጹ ይጎረብጣል።

ካላማረባችሁ አትደንግጡ። እስካልተጋገረ ድረስ በአየር አራግፋችሁ ከዜሮ መጀመር ትችላላችሁ። ይህ ከፈሳሽ ቀለም የሚበልጥበት አንዱ ነገር ነው።

ማብሰል

ብዙ ቸርኬ የሚበላሸው እዚህ ነው። ካርቶኑ “በ180 ዲግሪ 15 ደቂቃ” ሲል የቸርኬውን ብረት ሙቀት ነው የሚለው። የኦቨኑን አየር አይደለም። ምጣድ ሳይሰማ ሊጥ እንደማይፈስ ሁሉ ብረቱ ሳይደርስ ሰዓት አይቆጠርም። አየሩ 180 ሲል ወፍራሙ የቸርኬው መሃል ገና 120 ሊሆን ይችላል። ሰዓቱን ያኔ ከጀመራችሁ ቀለሙ ከላይ ያብረቀርቃል፤ ሥሩ ግን ጥሬ ነው። ለመጀመሪያ ወር ያምራል፤ ከዚያ ጠጠር ሲመታው ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ሁለተኛ ቴርሞኮፕል በቸርኬው ጀርባ፣ መሃል ያለው ወፍራም ቦታ ላይ፣ በብሎን ቀዳዳ አስራችሁ ተዉት። ሰዓቱ የሚጀምረው እሱ 180 ሲል ነው። በሽጉጥ መልክ የተሠራው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የተቀባ ገጽ ላይ ጥሩ ያነባል። የሚያብረቀርቅ ራቁት አሉሚኒየም ላይ ግን ይዋሻል፤ በጣም ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ባዶውን ስትጋግሩ እሱን አምናችሁ ሙቀት ከጨመራችሁ ቸርኬውን ትጎዱታላችሁ።

ስትሰቅሉት ዱቄቱን ምንም አይንካው። በሩን ዝጉ። ዱቄቱ መጀመሪያ ይረጥባል፤ ከዚያ ይፈስሳል፤ ከዚያ ይጠነክራል። በሩን እየከፈታችሁ አትመልከቱ። 15 ደቂቃው ሲሞላ አጥፉና በሩን በትንሹ ከፈት አድርጉ። በራሱ ይቀዝቅዝ። ውሃ አይረጭበትም።

መብሰሉን የምታረጋግጡት በአሴቶን ነው። በጀርባ በኩል በራሰ ጨርቅ ሠላሳ ጊዜ ወዲያ ወዲህ ፈትጉ። ትንሽ መደብዘዝ ያለ ነው። ቀለሙ ተልጦ ጨርቁን ከሞላው ግን አልበሰለም። እንደገና አስገቡትና ብረቱን በትክክለኛው ሙቀት አቆዩት።

ሁለቱን ቸርኬ ባንድ ላይ ላስገባ የሚል ይኖራል። በ3 ኪሎ ዋት ማሞቂያ አንድ በአንድ ይሻላል። በአንድ ቀን አራቱንም ለመጨረስ አትጣደፉ።

መልሶ መግጠም

ጎማ ከመግጠማችሁ በፊት ቸርኬው አንድ ቀን ይቆይ። ጎሚስታው ሳሙና በብዛት እንዲጠቀም፣ የማሽኑ መንጋጋ ላይም ላስቲክ እንዲያደርግ ጠይቁት። አዲስ ቫልቮላ ይግባ። ባላንስ እንደገና ይሠራ፤ እርሳሱ ከውስጥ በኩል የሚለጠፈው ዓይነት ቢሆን ጠርዙ አይላጥም።

ብሎኖቹን በመስቀል አቅጣጫ አጥብቁ። ለቪትዝና ለኮሮላ የሚታዘዘው 103 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ያለው መፍቻ ከሌላችሁ፣ ግማሽ ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ያህል ጫና ማለት ነው። በእግር እየዘለሉ ማጥበቅ ብሎን ይዘረጋል። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳችሁ በኋላ መፍቻውን ይዛችሁ ሁሉንም እንደገና ፈትሹ። ከላላ ብሎን ጋር የቸርችል ጎዳናን ቁልቁል መውረድ የለም።

ላቫጆ ስትወስዱት ለልጆቹ ንገሯቸው። አሲድ ያለበትን የቸርኬ ማጽጃ አይጠቀሙ፤ ተራ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል። ፍሬኑ ገና ትኩስ እያለ ቀዝቃዛ ውሃም አይልቀቁበት። ቀለሙ የሆነ ቦታ ተፈንቅሎ ብረቱ ከታየ ውሃ ሥሩ ሳይገባ በጠርሙስ የሚሸጥ የመኪና ቀለም ነካ አድርጉት። እስከሚቀጥለው ጎማ ቅያሪ ድረስ ይይዝላችኋል።